ከእርሻ የወጣው ሰው የት አረፈ?

«ስለ ታዳጊ አገሮች የማነበው ሪፖርት ሁሉ በግብርና የተሰማራው ሠራተኛ ድርሻ መቀነሱን ሳይናገር አያልፍም፤ ሁልጊዜም እንደ መልካም ዜና ነው የሚቀርበው። እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ወዴት ነው የሚሄዱት? ፋብሪካ ካልገቡስ ለውጡ ዕድገት ሊባል ይችላል?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ጥያቄዎ በዚህ ሙያ ላይ የምንገኝ ሰዎች ዘወትር የምንከራከርበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። አጭሩ መልስ፣ ፋብሪካ ባይገቡም ዕድገት ሊሆን ይችላል፤ ድርሻው ስለቀነሰ ብቻ ግን ዕድገት አይሆንም የሚል ነው። ከእርሻ መውጣት የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የወጣው ሰው ያረፈበት ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ በሪፖርቶቹ መግቢያ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አቅጣጫው ራሱ አያከራክርም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ በ1900 ከ10 ሠራተኞች 4ቱ ገደማ በእርሻ ላይ ነበሩ፤ ዛሬ ከ100 ሠራተኞች ሁለት እንኳ አይሞሉም። ደቡብ ኮሪያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ60 በመቶ በላይ ሠራተኛዋ ገበሬ ነበር፤ አሁን 5 በመቶ ገደማ ነው። ቻይና በ1978 ማሻሻያ ስትጀምር 70 በመቶ ገደማ የነበረው ድርሻ በአራት አሥርት ዓመታት ወደ ሩብ ወርዷል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርንስት ኤንግል በ1857 እንዳሳየው ቤተሰብ ገቢው ሲያድግ ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። ሆድ ልክ አለው፤ ልብስ፣ ቤት፣ ትምህርት፣ ሕክምናና መጓጓዣ ግን ልክ የላቸውም። በዚያ ላይ አንድ ገበሬ የሚመግበው ሰው ቁጥር ሲጨምር ብዙ ገበሬ አያስፈልግም።

ሥራው ከዘርፍ ወደ ዘርፍ የሚሻገርበትን መንገድ ጥርት አድርጎ የጻፈው የካሪቢያኗ ደሴት የሴንት ሉሺያ ተወላጁ የኢኮኖሚ ባለሙያ አርተር ሉዊስ ነው። በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በባህላዊው ዘርፍ፣ በዋናነት በእርሻ፣ ቢወጡ ምርቱ የማይጎድልባቸው ብዙ እጆች አሉ አለ። ዘመናዊው ዘርፍ እነዚህን እጆች ከገጠሩ ኑሮ ትንሽ በሚበልጥ ደመወዝ ይቀጥራል፤ ትርፉን መልሶ ያውላል፤ ይሰፋል፤ ጨምሮ ይቀጥራል። ትርፍ እጅ ሲያልቅ ደመወዝ መጨመር ይጀምራል። ለሥራዎቹ በ1979 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ እኛም እስካሁን የምንከራከረው እሱ በዘረጋው ሰሌዳ ላይ ነው። ነገር ግን ይህ ሥዕል «ዘመናዊው ዘርፍ ይቀጥራል» በሚለው ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ልብ ይበሉ። ቀጣሪ ከሌለስ?

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ከቁጥሩ ጋር እንተዋወቅ፤ ድርሻ ሲባል ብዙ ሰው ይሳሳታልና። 10 ሚሊዮን ሠራተኛ ያለው አገር እንውሰድ፤ 80 በመቶው፣ ማለትም 8 ሚሊዮኑ፣ ገበሬ ነው። የሥራ ኃይሉ በዓመት 3 በመቶ ያድጋል። ከ10 ዓመት በኋላ ሠራተኛው 13 ነጥብ 4 ሚሊዮን ይሆናል፤ የግብርናው ድርሻም ወደ 70 በመቶ ወረደ እንበል። ሪፖርቱ ይህንን ትልቅ እመርታ ይለዋል። ነገር ግን የ13 ነጥብ 4 ሚሊዮን 70 በመቶ 9 ነጥብ 4 ሚሊዮን ነው። በዚያው መሬት ላይ 1 ነጥብ 4 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰው ሰፍሯል ማለት ነው። ድርሻው ወረደ፤ የገበሬው ቁጥር ጨመረ፤ የእያንዳንዱ ማሳ ጠበበ።

የገበሬው ቁጥር ራሱ መጨመሩን እንዲያቆም ምን ያህል ሥራ ያስፈልጋል? በመጀመሪያው ዓመት 300 ሺህ አዲስ ሠራተኛ ይመጣል። ይህን ሁሉ ከግብርና ውጭ ያለው 2 ሚሊዮን የሥራ ቦታ መቀበል ካለበት በዓመት 15 በመቶ ማደግ ይኖርበታል፤ ይህን ለረዥም ጊዜ ያስቀጠለ አገር አላውቅም። ከግብርና ውጭ ያለው ሥራ የጠቅላላው ግማሽ ሲሆን ግን ያው ጭማሪ በ6 በመቶ ዕድገት ብቻ ይዋጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት እጅግ አድካሚ ናቸው፤ ሽግግሩ የሚፈጥነው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ትዕግሥት ያጡ መንግሥታት በዚህ ስሌት ፊት ቆም ቢሉ ምንኛ በጠቀማቸው።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ቁጥሩ ከሚወለድበት ቦታ፣ ከመጠይቁ ላይ ነው። አንዲት ሴት ያስቡ። ጎህ ሲቀድ ማሳዋ ላይ ናት። ረፋድ ላይ የራሷን ምርት ከጎረቤቶቿ ከገዛችው ጋር ይዛ ገበያ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ በአቅራቢያዋ ግንባታ ካለ አሸዋ ትሸከማለች። መረጃ ሰብሳቢው ደጇ ላይ ቆሞ «ባለፉት 7 ቀናት ዋና ሥራሽ ምን ነበር?» ይላታል። ለመልሷ የተተወችው አንዲት ሣጥን ናት። ጥያቄው በዘር ወቅት ከመጣ ግብርና ትላለች፤ በበጋ ከመጣ ንግድ ወይም ኮንስትራክሽን። ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ የተመዘገበችበት የሥራ ኮድ ግን ዘርፍ ቀይሯል። እንዲህ ያሉ ሰዎች በሚሊዮን በሚቆጠሩበት አገር ጥናቱ በየትኛው ወር እንደተካሄደ ሳያዩ ሁለት ዓመታትን ማነጻጸር ያሳስታል።

በዚህ ላይ ትርጉሙ ራሱ ተለውጧል። በ2013 ጄኔቫ ላይ የተካሄደው 19ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ «ተቀጥሮ ወይም በሥራ ላይ ያለ» የሚባለው ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራ ሰው ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በዋናነት ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚያመርት ገበሬ ድሮ በዚህ ይቆጠር ነበር፤ በአዲሱ ትርጉም ግን አይቆጠርም። አዲሱን ትርጉም የተቀበለ አገር በአንድ ጥናት ብቻ የግብርና ድርሻው በብዙ ነጥብ ሲወርድ ሊያይ ይችላል፤ ከማሳው የወጣ ሰው ግን የለም። በኢንዱስትሪ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። አንድ ፋብሪካ ጥበቃዎቹንና የጽዳት ሠራተኞቹን ለሌላ ድርጅት ሲያስረክብ፣ እነዚያ ሠራተኞች በዚያው በር እየገቡና እየወጡ ከአምራች ኢንዱስትሪ ወደ አገልግሎት ይዛወራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ከእርሻ የሚወጣው ሰው በአብዛኛው የሚያርፈው «አገልግሎት» በሚባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ ነው። ይህ ቃል የሚያስቸግረኝ የባንክ ሠራተኛውን፣ ሐኪሙን፣ የሶፍትዌር ባለሙያውን፣ የቤት ሠራተኛዋንና በመንገድ ዳር ካልሲ የሚያዞረውን ልጅ በአንድ ስም ስለሚጠራ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት 100 ሠራተኛ ብቻ ያለበትን ኢኮኖሚ እንውሰድ። 80ዎቹ ገበሬዎች እያንዳንዳቸው 1 ያመርታሉ፤ በአገልግሎት ያሉት 20ዎቹ እያንዳንዳቸው 4። ድምሩ 160 ነው። አሁን 10 ገበሬዎች ወደ አገልግሎት ይሻገሩ። እንደ ነባሮቹ 4 የሚያመርቱ ከሆነ 70 እና 120፣ በድምሩ 190 ይሆናል። ማንም ሰው በያዘው ሥራ ላይ ሳይሻሻል አገሪቱ 19 በመቶ ገደማ አደገች። ይህ ነው እስያን ያሳደገው ኃይል።

ነገር ግን 10ሩ ሰዎች የሄዱት ወደ ችርቻሮ ቢሆንስ? ሸማቹ ያው፣ ገንዘቡም ያው ከሆነ፣ አዲሶቹ የሚያገኙት ከነባሮቹ የተቆረሰውን ነው። 20 ሰው ይጋራው የነበረውን 80፣ አሁን 30 ሰው ይጋራዋል፤ ለእያንዳንዱ 2 ነጥብ 7 ገደማ ይደርሰዋል። ከእርሻ የወጣው ሰው ከ1 ወደ 2 ነጥብ 7 ስላደገ ደስ ብሎታል፤ መውጣቱም ለራሱ ትክክል ነው። አገሪቱ ግን፣ ሉዊስ እንዳለው እጆቹ በእርግጥ ትርፍ ከነበሩ 160 ላይ ቆማለች፤ ካልነበሩ ደግሞ ወደ 150 ወርዳለች። በሁለቱም ምሳሌዎች የግብርና ድርሻ ከ80 ወደ 70 ወርዷል። በመጀመሪያው አገር እመርታ ነው፤ በሁለተኛው ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ይህ የወረቀት ላይ ምሳሌ ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ማርጋሬት ማክሚላንና ዳኒ ሮድሪክ በ2011 ባወጡት ጥናት ከ1990 እስከ 2005 ባለው ጊዜ የሠራተኛው ከዘርፍ ወደ ዘርፍ መንቀሳቀስ በእስያ አማካይ ምርታማነትን ሲያሳድግ፣ በላቲን አሜሪካና በአፍሪካ ወደ ታች እንደጎተተው አሳይተዋል። በላቲን አሜሪካ ገበያው ለውጭ ሲከፈት ፋብሪካዎች ተወዳዳሪ ለመሆን ሠራተኛ ቀነሱ፤ ፋብሪካዎቹ በእርግጥ ምርታማ ሆኑ፤ የተቀነሰው ሠራተኛ ግን ያረፈው ዝቅተኛ ምርት ባለበት ሥራ ላይ ነበር። በአፍሪካ ከ2000 ወዲህ እንቅስቃሴው ወደ በጎ ዞሯል፤ ሆኖም ሰው በገባ መጠን የተቀባዮቹ ዘርፎች ምርታማነት ያን ያህል አላደገም።

ፋብሪካን ለምን ለይተን እንደምናየው ላስረዳ። ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዋን የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ባለፈች ቁጥር መርፌ ወይም ክር ትቀይራለች፣ ደንበኛ ሲመጣም ሥራውን ታቆማለች። በፋብሪካ መስመር ላይ አንዷ ኮሌታ ብቻ ታያይዛለች፤ ቀጣይዋ እጅጌ፤ ሌላዋ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ ታወጣለች። መካከለኛ ትምህርት እንኳ ያልጨረሰች ወጣት በጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ከባለሙያዋ ሰፊ የሚበልጥ የሸሚዝ ድርሻ ታወጣለች። ብልሃቱ ያለው በአደረጃጀቱ ውስጥ ነው፤ እሷ ለዓመታት መማር አላስፈለጋትም። በዚያ ላይ ሸሚዙ በመርከብ ስለሚጓዝ የገዢው ኪስ በአገር ውስጥ ገቢ አይወሰንም። ፀጉር ቆራጭ ደንበኞቹ ካልበለጸጉ አይበለጽግም፤ ልብስ ፋብሪካ ግን ድሃ አገር ውስጥ ሆኖ ለሀብታም አገር ይሸጣል። ብዙ ያልተማረ ሰው መቀበል፣ ምርታማ ማድረግና ለውጭ ገበያ መሸጥ፣ እነዚህን ሦስቱን ባንድ ላይ የሚያሟላ ሌላ ዘርፍ ማግኘት ከባድ ነው። በባንግላዴሽ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ በልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ መሠማራቱ ከዚህ የመጣ ነው።

አሳሳቢው ነገር ይህ በር እየጠበበ መምጣቱ ነው። በደቡብ ኮሪያ አምራች ኢንዱስትሪው በ1980ዎቹ መጨረሻ ጫፍ ሲደርስ ከጠቅላላው ሠራተኛ 28 በመቶ ገደማ ይዞ ነበር። ብራዚል በ1980ዎቹ አጋማሽ ጫፏ ላይ የደረሰችው 16 በመቶ ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ መውረድ ጀመረች። በኋላ የመጡት አገሮች ከዚያም ባነሰ ድርሻና ባነሰ ገቢ ላይ ቁልቁለቱን ይይዛሉ። ሮድሪክ ይህን ያለ ዕድሜ ከኢንዱስትሪ መውጣት ይለዋል። ማሽኖች ድሮ እጅ ይሠራው የነበረውን ይሠራሉ፤ ከእስያ የሚመጣው ርካሽ ሸቀጥ የአገር ውስጥ ጀማሪዎችን ገና በእግራቸው ሳይቆሙ ያወዳድራቸዋል። ነዳጅ ዘይት ወይም ማዕድን የሚሸጡ አገሮች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የውጭ ምንዛሪው የአገሩን ገንዘብ ያጠነክራል፣ የፋብሪካ ምርት ዋጋ በውጭ ገበያ ይንራል፣ ገቢው በንግድ፣ በግንባታና በመንግሥት ደመወዝ በኩል ከተማውን ያሰፋል። ከተማው ያድጋል፤ የሚያመርተው ግን ጥቂት ነው። በሩ ፈጽሞ ተዘግቷል የሚሉትን ግን አልቀበልም። ቬትናም በ2000 ሁለት ሦስተኛ ገደማ የነበረውን የግብርና ድርሻ በ20 ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ስታወርድ ከዋነኞቹ ተቀባዮች አንዱ ፋብሪካ ነበር።

«ከተማው ይህን ያህል ካልተመቸ ሰው ለምን ይሄዳል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የኢኮኖሚ ባለሙያዎቹ ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ በ1970 የሰጡት መልስ አሁንም ያግዛል፤ ሰው የሚሄደው የሚጠብቀውን ደመወዝ የማግኘት ዕድሉን አስልቶ ነው፤ ስለዚህ ከተማ ውስጥ ጥሩ ሥራ በተከፈተ ቁጥር ወረፋ ጠባቂውም ይበዛል። እኔ ግን ሁለት ነገር እጨምራለሁ። አንደኛው፣ የገበሬው ዝቅተኛ ምርት በዓመት ሲሰላና በሰዓት ሲሰላ በጣም ይለያያል። በዘርና በአጨዳ ወቅት ከማንም በላይ የሚሠራ ገበሬ በሌሎቹ ወራት የሚሠራው ያጣል። በሠራበት ሰዓት ሲካፈል ከከተማው ሠራተኛ ጋር ያለው ልዩነት በእጅጉ ይጠባል። ስለዚህ የጎደለው ብዙውን ጊዜ የሥራ ቀን ነው፤ በጋውን የሚሞላ ሥራ በአቅራቢያው ያገኘ ቤተሰብ ከመንደሩ ሳይለቅ ግማሽ ሽግግር አድርጓል።

ሁለተኛውን ነገር ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል፤ ሽግግሩ ከግለሰብ ይልቅ የትውልድ ነው። የ50 ዓመት ገበሬ ማረሻውን ጥሎ መስመር ላይ አይቆምም። የሚሆነው እሱ እያረሰ ይቆያል፤ ልጆቹ ግን ጨርሶ እርሻ አይገቡም። ትምህርት ቤት በተከፈተ በ10 እና በ15 ዓመት ውስጥ የሥራ ገበያው የሚገለበጠው ለዚህ ነው፤ የገበሬው አማካይ ዕድሜ እያደገ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ፖሊሲ አውጪ ዘንድ ሲመጣ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለአባትየው የሚያስፈልገው በያዘው መሬት ላይ የተሻለ ዘር፣ ውኃና ገበያ ነው፤ ለልጅቷ የሚያስፈልገው የሚቀጥራት ድርጅት ነው። ሁለቱን በአንድ የሥልጠና ፕሮግራም ለማገልገል የሚደረገው ሙከራ ሁለቱንም ያጎድላል።

ሴቶችን በተመለከተ ነገሩ ቀጥ ያለ መንገድ የለውም። ሥራ ከማሳ ርቆ ወደ ከተማ ሲሄድ በቤትና በልጆች የተያዘችው ሴት ሥራ ማግኘት ይሳናትና ከሥራ ኃይሉ ትወጣለች፤ ትምህርትና የቢሮ ሥራ ሲስፋፋ ትመለሳለች። በ2023 የኖቤል ሽልማት የተሰጣት የኢኮኖሚ ባለሙያዋ ክላውዲያ ጎልዲን የዚህን ኩርባ ቅርጽ በሰፊው አጥንታለች። እንግዲህ የግብርና ድርሻ የቀነሰው ሴቶች ሥራ ቀይረው ሳይሆን ከቆጠራው ወጥተው ሊሆን ይችላል።

መንገዱ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድም አይደለም። በእስያ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ የኢንዶኔዥያ የግብርና ድርሻ በ1997 ከነበረበት 41 በመቶ ገደማ በአንድ ዓመት ወደ 45 በመቶ ወጣ። ሕንድም በኮሮና ዘመን ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል፤ ከ2018-19 ወደ 2019-20 ድርሻው ከ42 ነጥብ 5 ወደ 45 ነጥብ 6 በመቶ ተመለሰ። ሻንጣቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወደ መንደር የሚጓዙ ሠራተኞችን ያየ ሰው ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ ያውቃል። የሥራ አጥ ድጎማ በሌለበት አገር የወላጅ ማሳ ብቸኛው መድን ነው። ስለዚህ ከተማ ገብተውም የገጠር መሬታቸውን የማይለቁ ሰዎችን ኋላ ቀር ማለት ትልቅ በደል ነው፤ በእጃቸው ያለውን ብቸኛ ዋስትና ይዘው ነው የቆዩት።

እንግዲህ ፋብሪካ ያልገባው ሰው ጉዞ መቼ ዕድገት ይባላል ወደሚለው ስንመለስ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው የተተወውን እርሻ ነው። ሰው ከወጣ በኋላ የቀሩት ሰዎች ምርት በነፍስ ወከፍ ጨምሯል? የምግብ ዋጋ ተረጋግቷል? የቀን ሠራተኛ ዋጋ በአጨዳ ወቅት ወጥቷል? የገጠር የቀን ሥራ ክፍያ ከምግብ ዋጋ ፈጥኖ እያደገ ከሆነ፣ የወጡትን ሰዎች የተሻለ ሥራ ስበት እንጂ የመሬት ጥበት ግፊት አላወጣቸውም ብዬ ለመደምደም አልቸኩልም፣ ግን ልቤ ወደዚያ ያዘነብላል። ክፍያው ቆሞ ሰው ብቻ የሚፈልስ ከሆነ መሬት ጠብቦት የተገፋ ነው።

ቀጥሎ የማየው ያረፈበትን ነው። ትራንስፖርት፣ የጭነት ማከማቻ፣ ቱሪዝም፣ የምግብ ማቀነባበሪያ፣ አበባና አትክልት ለውጭ ገበያ ማዘጋጀት የመሳሰሉት ሥራዎች ጭስ ማውጫ ባይኖራቸውም ከፋብሪካ የሚለዩት ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው ይቀጥራሉ፣ ከአገር ውጭ ይሸጣሉ፣ በአደረጃጀት ይሻሻላሉ። ከእርሻ ወጥቶ እነዚህ ውስጥ የገባ ሰው በእርግጥ ተሻግሯል። እንደ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ግምት በዓለም ላይ ከሚሠራው ሰው 60 በመቶ ገደማው፣ በአፍሪካ 85 በመቶ ገደማው በኢመደበኛ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ዘርፍ ብቻ ማየት በቂ አይደለም፤ ቅጥሩን ማየት ያስፈልጋል።

ለዚህ የሚረዳዎት ሠንጠረዥ በየሥራ ኃይል ጥናቱ አባሪ ውስጥ አለ። ሠራተኛውን በዘርፍና በቅጥር ሁኔታ አቀናጅቶ ያስቀምጣል፤ ደመወዝተኛ፣ ቀጣሪ፣ በግሉ የሚሠራ፣ ያለ ክፍያ ቤተሰብ የሚያግዝ ተብሎ። የሁለት ጥናቶችን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ያስቀምጡና ወሩንና ትርጉሙን ካመሳከሩ በኋላ በአገልግሎት ረድፍ ላይ የደመወዝተኛው ቁጥር በምን ያህል፣ በግሉ የሚሠራው ደግሞ በምን ያህል እንዳደገ ያስሉ። ድርሻውን ሳይሆን የሰዉን ቁጥር ይጠቀሙ።